ዜማው ሲነሣ ቀኑ አብሮ ይነሣል



በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ ከማዶ ሰፈር ልጆች «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ብንሰማ ምን ይሰማናል? ጆሮአችን ዜማውን እንደ ሰማ የሙልሙል ዳቦ ሽታ ይመጣብናል። ዝናብ ያራሰው የደጃፍ ጭቃ ይታየናል። ዱላችን መሬቱን ሲመታ መዳፋችን ላይ የነበረው ንዝረት እንኳ ይመለሳል። አውጪው ማን እንደ ነበረ፣ የተሰበሰበውን ሳንቲም ማን ይይዝ እንደ ነበረ፣ ሲካፈሉም ማን «ደርሶኛል፣ አልደረሰኝም» ብሎ እንዳለቀሰ ሳይቀር ትዝ ይለናል። እኅቶቻችንም «አበባየሆሽ» ሲባል በሰሙ ጊዜ አደይ አበባው፣ አዲሱ ቀሚስ፣ አብረዋቸው ከበር ወደ በር የዞሩት ጓደኞች ፊት ይመጣላቸዋል።

ከእነዚያ ጓደኞች መካከል ስማቸውን የረሳናቸው አሉ። ዜማውን ግን አልረሳነውም፤ ዜማውም እነርሱን አልረሳም።

የዛሬው ጥናታችን በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም፦ ዜማ በአእምሮ የሚቀረው ለምንድን ነው? ሲነሣስ ያለፈውን ቀን ይዞ የሚነሣው ስለ ምንድን ነው? ይህን ካወቅን በኋላ ከእኛ ከወጣቶች ምን ይጠበቃል? ጥናቱን ያዘጋጀነው ከመጻሕፍት ያገኘነውን ሰብስበን ሲሆን፣ ያነሣሣን ግን በክፍላችን የደረሰ አንድ ጥፋት ነው። እርሱንም በቦታው ሳንሸሽግ እንናገራለን።

1. ሳይጠሩት የሚመጣ ዜማ

ልብስ ስናጥብ፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ይባስ ብሎም ፈተና ላይ ተቀምጠን ሳለን አንድ የዜማ ቁራጭ ይመጣና አልሄድ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አዝማቹ ነው፤ አንዳንዴም የአዝማቹ ግማሽ ብቻ ነው። «ይህ ነገር ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ቀረ» የምንለው ለዚህ ነው።

ማርክ ትዌይን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አንድ አጭር የቀልድ ታሪክ ይህን ነገር አሳምሮ ተርኮታል። ተራኪው ስለ ትኬት ቆራጭ የተገጠመች ቀላል ግጥም በጋዜጣ ላይ ያነብባል። ግጥሟ አእምሮውን ይዛ ሥራ ትከለክለዋለች፤ ቁርስ ይብላ አይብላ እንኳ አያውቅም። በኋላ ከአንድ ሰባኪ ወዳጁ ጋር በእግር ሲንሸራሸር ግጥሟን ያሰማዋል። እርሱ ይድናል፤ ሰባኪው ይያዛል። ሰባኪውም ለቀብር ስብከት ቆሞ ሳለ ንግግሩ ሁሉ በግጥሟ ምት ይሄድበታል፤ ሐዘንተኛውም በዚያው ምት ራሱን ይነቀንቃል። ታሪኩ ቀልድ ነው። ሆኖም ምት ያለው ቃል ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ እንደሚገባና ከሰው ወደ ሰውም እንደሚተላለፍ በሚገባ ያሳያል።

ይህ የሚሆነው በሦስት ምክንያቶች ነው ማለት እንችላለን።

ሀ) ቤት ስለሚመታ ነው። ግጥም ሲጀመር መጨረሻው በምን ፊደል እንደሚያርፍ ጆሮ አስቀድሞ ያውቃል። አንዲት ቃል ብትረሳ እንኳ ቦታዋ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል፤ ሌላ ቃል ቢገባበት ምቱ ይሰበራልና። ዴቪድ ሩቢን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በቃል ስለሚተላለፉ ግጥሞችና ዘፈኖች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምቱ፣ የቤቱ መምቻና ትርጉሙ አንድ ላይ ሆነው ቃሉን እንደ አጥር እንደሚጠብቁት አስረድቷል።

ለ) ስለሚደጋገም ነው። ዋንዳ ዋሌስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ጥናት፣ ግጥም በዜማ ሲሰማ በንባብ ከተሰማው ይልቅ እንደሚያዝ አሳይታለች። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ያው ዜማ በየስንኙ ሲመላለስና ጆሮ ሲለምደው ነው። ዜማው አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማ ጥቅም አይሰጥም። መዝሙር የምናስጠና ሁሉ ይህን ልብ እንበል። በአንድ ሰንበት ሦስት አዲስ መዝሙር የምናስጠና ከሆነ ሦስቱንም እናስረሳለን።

ሐ) አካላችንም ስለሚማረው ነው። እጅ ሲያጨበጭብ፣ እግር ሲራመድ፣ ትከሻ ሲያሸበሽብ ዜማው በአፍ ብቻ አይቀርም። ቃሉ የጠፋበት ሰው ጭብጨባውን ሲጀምር ቃሉ ተከትሎ እንደሚመጣለት በክፍላችን ብዙ ጊዜ አይተናል።

2. የዜማ መምህራን ያውቁት የነበረው

ይህን ነገር ተመራማሪዎች በመጽሐፍ ከማስፈራቸው በፊት የአገራችን የዜማ መምህራን በሥራ ያውቁት ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልያዝ ብሎት እንደ ተቸገረ ይተረካል። ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ሲሞክር፣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲወጣ አየ፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመለሰ። እንግዲህ መያዝ ያቃተው ያ ልጅ ነው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ትውልድ የሚይዘውን ዜማ የሰጠን።

ዜማውም ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በኋላም በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ከምልክቶቹ መካከል እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉት ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ያሳያሉ። ሌሎቹ ግን ከቃሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፉ ፊደላት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ500 በላይ ነው። እነዚህ ፊደላት የተወሰዱት ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ከያዘው ዜማ ውስጥ ካለ ሐረግ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የሚለው «ያንን የምታውቀውን ዜማ አስታውስ፤ ይህንንም እንደዚያ በለው» ነው።

ይህ እጅግ የሚያስደንቅ አሠራር ነው። ምልክቱ ዜማውን በራሱ አይናገርም፤ የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ። ቀድሞ ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ብራናውን ቢገልጥ ፊደል ከማየት በቀር ምንም አያገኝም። አንዱ ዜማ ሌላውን ይጠራል፤ ሁለቱንም የሚጠራ ግን የሰማ ሰው መኖር አለበት። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

3. ዜማው ቀኑን ይዞ የሚነሣው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ሲደርስብን አእምሮአችን ያየነውን በአንድ ሳጥን፣ የሰማነውን በሌላ ሳጥን ለይቶ አያስቀምጥም። የሰማነው፣ ያየነው፣ ያሸተትነው፣ አብሮን የነበረው ሰው፣ ደስታችን ወይም ሐዘናችን እንደ ጋቢ ክር አንድ ላይ ይሸመናሉ። በኋላ አንዱን ክር ስንስበው ጋቢው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከክሮቹ ሁሉ ደግሞ ዜማ በቀላሉ የሚሳበው ነው፤ ከዓመታት በኋላም መልኩን ሳይለውጥ ተመልሶ ሊሰማ ይችላልና። የልጅነታችን ቤት ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቤት የሰማነው ዜማ ግን ዛሬም እንደ ነበረ ሊዜም ይችላል።

ፒተር ጃናታ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ወጣቶች ከ8 እስከ 18 ዓመት ሳሉ በየቦታው ይሰሙ የነበሩ ዘፈኖችን እያሰማ አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመልክቷል። ሰሚው «ይህን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ያስታውሰኛል» ባለ ጊዜ ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ታየ። ይህ ክፍል በመርሳት ሕመም ጊዜ ዘግይተው ከሚጎዱት መካከል መሆኑን ተመራማሪው አመልክቷል።

ስለ ዕድሜም የታወቀ ነገር አለ። ሽማግሌዎች ሕይወታቸውን እንዲተርኩ በተጠየቁ ጊዜ ከሌላው ዘመን ይልቅ አብዝተው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የደረሰባቸውን ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር የሚሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና። ከቤት መለየት፣ ልብ የሚሰጡት ጓደኛ ማግኘት፣ መጀመሪያ የሚያዝኑት ከባድ ሐዘን፣ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ናቸው። እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ይህ ዕድሜ አሁን ያለንበት ዕድሜ ነው። በ80 ዓመታችን ልጅ ልጆቻችን ከእኛ የሚሰሙት ዜማ ምናልባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ የምንዘምረው ይሆናል።

የአማርኛ ቋንቋችንም ይህን ያወቀ ይመስላል። በዓለማዊው ሙዚቃችን ከታወቁት አራት ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ አንደኛው ስሙ «ትዝታ» ነው። ዜማውና የማስታወስ ሥራው በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዜማ ስሜትን በታማኝነት ቢመልስም ቀኑንና ቦታውን ሊያሳስት ይችላል። በክፍላችን ሞክረነው ነበር። አንድ ሁላችንም የምንወደውን መዝሙር መጀመሪያ የት እንደ ተማርነው አምስት ሰዎች ለየብቻ ጻፍን። ሦስት የተለያየ መልስ ተገኘ፤ አንዳችንም ልንተው አልፈቀድንም። ስለዚህ ዜማ ያስታወሰንን ነገር ለማወቅ የሌላውንም ሰው ትዝታ መስማት ይገባል።

4. ንግግር ሲጠፋ የቀረ ዜማ

በ18ኛው መቶ ዓመት ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ ጸሐፊ አንድ እንግዳ ነገር መዝግቧል። አንድ ሰው በድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጎኑ ሰለለ፤ ንግግሩም ጠፋ። ከጥቂት ቃል በቀር መናገር አልቻለም። ነገር ግን ከሕመሙ በፊት የተማራቸውን አንዳንድ መዝሙሮች እንደ ጤነኛ ሰው አጥርቶ ይዘምር ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቅድመ ሁኔታ አለች። መጀመሪያውን ሌላ ሰው አብሮት እየዘመረ ሊያነሣለት ያስፈልግ ነበር።

ምክንያቱን ዛሬ በመጠኑ እናውቃለን። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ዜማ ግን የቀኙንም ክፍል ያሠራል። ግራው ሲጎዳ በቀኝ በኩል የቀረ መንገድ ይኖራል ማለት ነው። ከዚህም በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1973 አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች በአሜሪካ አገር አንድ የሕክምና ዘዴ አስተዋወቁ። ንግግር የጠፋበት ሕመምተኛ አጭር ሐረግ በዜማ እየደጋገመ ምቱን በግራ እጁ ይመታል፤ ቀስ በቀስም ዜማው እየቀነሰ ወደ ንግግር እንዲመለስ ይረዳል።

ክላይቭ ዌሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ባለሙያና የመዘምራን መሪም እ.ኤ.አ. በ1985 አንጎሉን በጎዳ የቫይረስ ሕመም የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ከጥቂት ሰከንድ በፊት የሆነውን እንኳ መያዝ አልቻለም። ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጫወት ነበር፤ መዘምራን ፊት ሲቆምም ይመራ ነበር። ዜማው ሲያበቃ መጫወቱንም ይረሳዋል። ስለዚህ ዜማ ሕመምን አይፈውስም፤ የተጎዳውን ሰው ለጥቂት ደቂቃ ወደ እኛ ያቀርበዋል እንጂ። ያች ጥቂት ደቂቃ ግን ለቤተሰብ ትንሽ አይደለችም።

5. እኛ የዘገየንበት

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የአንዲት የክፍላችን እኅት አያትን ልንጠይቅ ሄድን። እማማ የመርሳት ሕመም ይዟቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» እያሉ ይጠይቋታል። እኅታችንም ይህ እየከበዳት ምግባቸውን ሰጥታ ቶሎ ከክፍሉ መውጣት ጀምራ ነበር። ይህን የነገረችን በኋላ ነው፤ ስትነግረንም አልቅሳለች።

እኛም ለክብረ በዓል ያጠናናቸውን አዳዲስ መዝሙሮች ዘመርንላቸው። እማማ መስኮቱን ይመለከቱ ነበር። አንዱን ስንጨርስ ሌላውን ቀጠልን፤ ምንም የለም። ልንነሣ ስንል ቡና ልታፈላ የገባች አንዲት ጎረቤታቸው፣ ከእማማ አገር የመጣች ትልቅ ሴት፣ ስኒ እያቀራረበች በለሆሳስ አንድ ዜማ አነሣች። በአገራቸው በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ሴቶች የሚሉት ነው። እማማ ፊታቸውን መለሱ። ሁለተኛውን ስንኝ ራሳቸው ተቀበሉ። ሦስተኛውን ጎረቤታቸው አታውቀውም ነበርና ዝም ስትል እማማ ብቻቸውን አወጡት፤ ድምፃቸውም የተሰበረ ቢሆን ቃሉ አልተሰበረም። ከዚያም አጠገባቸው የተቀመጠችውን የልጅ ልጃቸውን ሁለት እጅ ይዘው እርስ በርሱ እያማቱ የጭብጨባውን ምት አስያዟት።

ስሟን አልጠሩም። እርሷ ግን ይህን አስያያዝ አወቀችው። በአምስት ዓመቷ በከተራ ቀን፣ ሕዝቡ መካከል እንዳትጠፋ በነጠላቸው ጫፍ ከወገባቸው ጋር አስረዋት፣ እንዲሁ እጇን ይዘው ጭብጨባ ያስተማሯት እርሳቸው ነበሩ። ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ረስታው ኖሯል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እማማ፣ ጤነኛይቱን ልጅ አስታወሷት።

ሁላችንም «የሚመጣው እሑድ ደብተርና መቅጃ ስልክ ይዘን እንመጣለን» ብለን ቃል ገብተን ወጣን። የሚመጣው እሑድ የክብረ በዓሉ ልምምድ ሆነ። ቀጥሎ ልደት ሆነ። ቀጥሎ ፈተና ደረሰ። ተመልሰን የሄድነው በየካቲት ነው። ጎረቤታቸው በዚያ መካከል ወደ ልጇ ዘንድ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። እኛም ያስታወስነውን ያህል ዜማውን ለማንሣት ሞከርን። አንዳችን ከፍ አደረገው፤ ሌላው ዝቅ አደረገው፤ የመጀመሪያው ቃል ላይ እንኳ አልተስማማንም። እማማ ተመለከቱን። ከንፈራቸው ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ቆመ። ዜማው በውስጣቸው ሳለ ከደጅ የሚያንኳኳላቸው ሰው አጡ። በሐምሌ ወር ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የጎረቤታቸውን ስልክ ፈልገን አገኘን። እርሷም የምታውቀውን ሁለቱን ስንኝ በስልክ አዜመችልን፤ ጻፍነው፤ አጠናነው። ዘንድሮ ጥር 10 ቀን ታቦት ሲወርድ እኅታችን አነሣችው፤ እኛም ተቀበልን። በክፍላችን ደብተር ግን ሦስተኛው ስንኝ በሚጻፍበት ስፍራ አንድ ባዶ መስመር ትተናል። የሚሞላው ሰው እንዳለ አናውቅም።

6. የሚያቆስል ዜማ

ዜማ የሚያስታውሰው ደስታን ብቻ አይደለም። ከወንድሞቻችን አንዱ አንድ መዝሙር ስንጀምር እየተነሣ ይወጣ ነበር። እኛም «ሥርዓት አያከብርም» ብለን ስሙን በቀሪ መዝገብ ላይ ጻፍንበት፤ ተሰብስበንም መከርነው። በመጨረሻ ሲናገር መዝሙሩ በታላቅ ወንድሙ ቀብር ዕለት የተዘመረ መሆኑን ሰማን። በሰማን ጊዜ አፈርን። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩን ከመምረጣችን በፊት እንነግረዋለን፤ ሲፈልግ ይወጣል፤ ሲፈልግ ይቀመጣል። በቅርቡ አንድ ጊዜ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ። ለምን ብለን አልጠየቅነውም።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ዜማ ለሁላችን አንድ ቢመስልም ይዞት የሚመጣው ቀን ለየራሳችን ልዩ መሆኑን ነው። ሰው በዜማ መካከል ሲያለቅስ ወይም ሲሸሽ ብናይ ከመፍረዳችን በፊት መጠየቅ ይገባናል።

7. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ያየናቸውን ነገሮች አንድ ላይ ስናደርጋቸው የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። የድጓው ምልክት ዜማውን ቀድሞ የሰማ ሰው ይፈልጋል። ስዊድናዊው ሕመምተኛ መጀመሪያውን የሚያነሣለት ሰው ይፈልግ ነበር። እማማም እንዲሁ። በልብ የቀረ ዜማ ሁሉ የሚያነሣለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ዜማውን ብቻውን የሚያውቅ ሰው ባረጀ ጊዜ ማን ያነሣለታል? የሽማግሌዎቻችንን ዜማ የምንማረው ቅርስ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ በሚደክሙበት ቀን ደጃቸውን የምናንኳኳበት እንዲኖረን ነው። የራሳችንንም ለታናናሾቻችን የምናስተምረው ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድናደርግ እናሳስባለን።

— እያንዳንዳችን በቤታችን ካሉት አረጋውያን የአንዱን አንድ ዜማ እስከሚቀጥለው ወር እንማር። «መዝሙር ንገሩኝ» ስንላቸው ብዙዎቹ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይሉናል። «በእርስዎ አገር ለጥምቀት ምን ይባላል? ልጅ ሲወለድስ? እናትዎ ምን እያሉ ነው ያስተኙዎት?» ብለን ቀኑን ብንጠይቃቸው ዜማው ራሱ ይመጣል።

— ስንጽፍ ቃሉን ብቻ አንጻፍ። ማን አስተማራቸው? የት? በስንት ዓመታቸው? ጭብጨባው እንዴት ነው? ዛሬስ ሌላ ማን ያውቀዋል? እነዚህን ሁሉ እንጻፍ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ድምፃቸውንም በስልክ እንቅዳ፤ ቅጂው ግን የእኛን መማር አይተካም፤ ስልክ ሲጠፋ ይጠፋልና።

— የታመመ ስንጠይቅ የእኛን አዲስ መዝሙር ከማሰማታችን በፊት የእነርሱን እንጠይቅ፤ ዝግ ብለን እንዘምር፤ ለመቀበል ጊዜ እንስጣቸው።

— ቀጠሮ ስንሰጥ እንጠንቀቅ። «የሚመጣው እሑድ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ለእነርሱ ግን እሑዶቹ የተቆጠሩ ናቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሳትጠሩት የሚመጣባችሁ ዜማ የትኛው ነው? የትኛውን ቀን ያስታውሳችኋል?
2. ያንኑ ዜማ ከሚያውቅ ሰው ጋር ትዝታችሁን አስተያዩ። የት ላይ ትለያያላችሁ?
3. በቤታችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዜማ አለን? ከእርሱ ለመማር እስከ ዛሬ ያዘገያችሁ ምንድን ነው?
4. የድጓው ምልክት ለማያውቀው ሰው የማይናገረው ለምንድን ነው? ከዚህስ ስለ ጽሑፍና ስለ መምህር ምን እንማራለን?
5. በመዝሙር ጊዜ የሚያዝን ወይም የሚወጣ ጓደኛ ቢኖር ምን ልታደርጉ ይገባል?
6. በ80 ዓመታችሁ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ እንዲቀርላችሁ የምትመርጡት ዜማ የትኛው ነው? ማንስ እንዲያነሣላችሁ ትፈልጋላችሁ? ለዚያ ሰው ዜማውን አስተምራችሁታልን?

የተማራችኋቸውን ዜማዎች ጽፋችሁ በሚቀጥለው ወር ለክፍላችን ደብተር ይዛችሁ ኑ። ባዶው መስመር ያለበትን ገጽም እናሳያችኋለን።